ሰማያዊው ውሃ የት ገባ?

ኅዳር 24፣ 2017

ነገሩ የተጀመረው ከቤቴ አጥር ጀርባ ነው። ጎረቤቴ የመኪና ባትሪ ይጠግናል። መልካም ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ ሳልጠይቀው ገመድ ዘርግቶ አምፖል የሚያበራልኝ እሱ ነው። ግን ያረጀ ባትሪ ከፍቶ ሲያጥብ እጣቢውን ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። ክረምት ሲገባ የሰፈራችን ቦይ መጨረሻው ጣና ነው። ትንሿ ልጁ ደግሞ ቦዩ ዳር ጭቃ እያቦካች ትጫወታለች። ባለፈው ሳምንት ጭቃ የነካ ጣቷን ስትጠባ አየኋት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እጣቢው ውስጥ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት እንዳለ አውቃለሁ። እርሳስ የልጅ አእምሮን እንደሚጎዳም አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ከአንድ ዓይነት ምንጭ ልጅ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው እርሳስ ደግሞ ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬ፣ ቤቴ ገብቼ ዝም ማለት ከበደኝ።

ዛሬ ከሳይንስ ክበቡ ልጆች ጋር ተነጋገርን። የግብርና ተረፈ ምርት ከባድ ብረቶችን ከውሃ ውስጥ መያዝ እንደሚችል ብዙ ተጽፏል። የቡና ገለፈት፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የኦቾሎኒ ቅርፊት ሁሉ ተሞክሯል። በእጃችን እንሞክረው ተባባልን።

አንድ ነገር ግን ቆርጬ ተናገርኩ። እርሳስ በተማሪ እጅ አይነካም። የምንሠራው በመዳብ ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ መዳብ ሰማያዊ ነው፣ ሲቀንስ በዓይን ይታያል። ለመጠጥ ውሃ የተቀመጠው ወሰን በሊትር 2 ሚሊግራም ነው። የእርሳሱ 0.01 ነው። በሁለቱ መካከል የ200 እጥፍ ልዩነት አለ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ከሁለት ተማሪዎች ጋር በጀልባ ዘጌ ሄድን። ዘጌ ላይ ማረስ ነውር ነው። ሰዉ የሚኖረው ከቡና፣ ከጌሾና ከሎሚ ነው። ከወደቡ ወደ ገዳማቱ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ የቡና ጫካ ነው። በዚህ ወቅት በየደጁ ቡና ለፀሐይ ተሰጥቷል።

አንዲት እናት ደረቅ ቡና በሙቀጫ እየወቀጡ አገኘናቸው። ገለፈቱን እንዲሸጡልን ጠየቅናቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ምን ልታደርገው? ቡናውን ትተህ ገለባውን!» አሉኝ።

«ውሃ ላጣራበት ነው እማማ።»

ትንሽ አሰቡ። «ውሃችሁ ቡና ቡና እንዳይል» አሉና በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው በነጻ ሰጡን። የተናገሩት እውነት መሆኑን ከ10 ቀን በኋላ አየነው።

ታኅሣሥ 2

ቆረቆንዳው ከመራዊ መጣ። አንዱ ተማሪ ከአያቱ ቤት ግማሽ ኩንታል ይዞ ከች አለ። በቆሎ ተፈልፍሎ አልቋል፣ ቆረቆንዳው ለማገዶ ነበር የተቀመጠው።

ቆረቆንዳ እንደዋዛ አይወቀጥም። መሐሉ እንጨት ነው። በመዶሻ ሰባብረን፣ በሙቀጫ ወቅጠን፣ በሁለት ወንፊት ነፋን። የምንፈልገው ከቅንጬ የደቀቀ፣ ከዱቄት የሻከረ ነው። ዱቄቱ ብረት ቶሎ ይይዛል፣ ግን ውሃ አያሳልፍም። ትልልቁ ውሃ ያሳልፋል፣ ግን ብረቱ ወደ ውስጡ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል።

ታኅሣሥ 5

የመዳቡን ውሃ አዘጋጀን። የትምህርት ቤቱ ሚዛን ከ0.1 ግራም በታች አያነብም። ስለዚህ መጀመሪያ ወፍራሙን አዘጋጀን። 3.9 ግራም ኮፐር ሰልፌት የሚባለውን ሰማያዊ የመዳብ ጨው በ1 ሊትር ውሃ ስናሟሟ፣ በሊትር 1,000 ሚሊግራም ገደማ መዳብ ይሆናል። የክሪስታሉ ሩብ ብቻ ነው መዳብ። የቀረው ሰልፌትና ውሃ ነው። ከዚያ አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በረዝን። 100 ሆነ።

የቧንቧ ውሃ አልተጠቀምንም። በውስጡ ያለው ካልሲየም ነገር ያበላሻል። የተጣራ ውሃ ግን ከየት ይምጣ? ጎረቤቴ 5 ሊትር የባትሪ ውሃ ሰጠኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ። ለምን እንደፈለግኩት ገና አልነገርኩትም። ጀሪካኑን ተሸክሜ ስወጣ አንገቴን ደፋሁ።

መለኪያችን ዓይን ነው። በአምስት የመስታወት ቱቦ፣ በሊትር 100፣ 50፣ 25፣ 12.5 እና 6.25 ሚሊግራም መዳብ ያለበት ውሃ አስቀመጥን። እያንዳንዱ ላይ አሞኒያ ስንጨምር ፈዛዛው ሰማያዊ እንደ ቀለም ደመቀ። የማናውቀውን ናሙና ከእነዚህ ጎን አቁመን፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፈን፣ ከላይ ወደ ታች እናያለን። አሞኒያው ዓይን ያስለቅሳል። መስኮት ሁሉ ተከፈተ።

ታኅሣሥ 8

የመጀመሪያው ሙከራ። 200 ሚሊ ሊትር ሰማያዊ ውሃ፣ 4 ግራም የቡና ገለፈት፣ ሁለት ሰዓት ማወዛወዝ። ልጆቹ በየተራ ጠርሙሱን ሲያወዛውዙ ዋሉ።

አጥልለን አሞኒያ ስንጨምር ውሃው ሰማያዊ አልሆነም። ጥቁር ቡናማ ሆነ። ፍጹም የአቦል ቡና!

የዘጌዋ እናት ትዝ አሉኝ። ገለፈቱ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፣ ውሃ ውስጥ ይወጣል፣ አሞኒያ ሲነካው ደግሞ ይጠቁራል። መዳቡ ይኑር አይኑር ማንም ሊያየው አይችልም። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ አንዱን ቆሻሻ አውጥተን ሌላ ቆሻሻ ከተትንበት እኮ» አለች። ልክ ነች። ማስታወሻዬ ላይ ቃሏን እንዳለ ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 11

ማጠብ። ገለፈቱን በፈላ ውሃ ደጋግመን አጠብነው። የመጀመሪያው እጣቢ ጠላ መሰለ። ሁለተኛው ሻይ። ሦስተኛው ጠጅ። አራተኛው ብርዝ። አምስተኛው ላይ ጠራ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለማጠብ ግን በቂ ነው። ሰፌድ ላይ አስጥተን በፀሐይ አደረቅነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ጨመርን። ገለፈት በንጹሕ ውሃ ብቻ፣ መዳብ የሌለበት። ገለፈቱ በራሱ የሚሰጠውን ቀለም የምናውቀው ከዚህ ነው።

ውጤት፦ ከቡና ገለፈቱ በኋላ የቀረው ውሃ በ25 እና በ12.5 መካከል ወደቀ፣ 20 ገደማ። ቆረቆንዳው 50 ላይ ቆመ። ጠርሙሱ ውስጥ በጠቅላላው 20 ሚሊግራም መዳብ ነበር። ስለዚህ አንድ ግራም ገለፈት ወደ 4 ሚሊግራም ያዘ፣ አንድ ግራም ቆረቆንዳ ወደ 2.5። በዓይን ልኬት ነው፣ ግን ሦስት ጊዜ ደግመን ሦስቱም አንድ ቦታ ወደቁ።

ልጆቹ እንዴት እንደሚይዝ ጠየቁኝ። በባጃጅ አስረዳኋቸው። ገለፈቱ የተሠራባቸው ሴሉሎስ፣ ሊግኒንና ፔክቲን ላይ ብረት የሚቀመጥባቸው ወንበሮች አሉ። ወንበሮቹ ባዶ አይደሉም። ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ፖታሲየም ተቀምጠውባቸዋል። መዳብ ሲመጣ ካልሲየሙ ይወርዳል፣ መዳቡ ይሳፈራል። ውሃው ኮምጣጣ ከሆነ ደግሞ ወንበሩን ሁሉ ሃይድሮጅን ቀድሞ ይይዘዋል። መዳቡ እንደቆመ ይቀራል። የውሃ ኮምጣጣነት የሚለካው በፒኤች ነው፤ 7 መሐል ነው፣ ከዚያ ባነሰ ቁጥር ይኮመጥጣል። ስለዚህ ፒኤቹ ከ4 እስከ 6 ሲሆን ነው ሥራው የሚያምረው።

ታኅሣሥ 15

ይህን ቀን አልረሳውም።

አንዱ ተማሪ ከቤቱ ከሰል ፈጭቶ መጣ። ከምድጃ የተረፈ፣ አመድ የነካው ከሰል ነው። 4 ግራም ጨመርን። በ5 ደቂቃ ውስጥ ሰማያዊው ጠፋ። ከላይ ከጠራው ቀድተን አሞኒያ ስንጨምር ምንም የለም። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ልጁን ትከሻ ላይ ሊያወጡት ምንም አልቀራቸው። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ከከሰሉ በላይ ስስ፣ ሰማያዊ፣ እንደ እርጎ የረጋ ነገር ተቀምጧል። ልቤ ደነገጠ። የፒኤች ወረቀት ነከርኩ። 9 አለ።

ከሰሉ መዳቡን አልያዘውም። አመዱ ነው ውሃውን የለወጠው። እናቶቻችን በአመድ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩት ለዚህ ነው፣ አመድ ውሃን ከኮምጣጣ ተቃራኒ ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ መዳብ ራሱ ይረጋና ይዘቅጣል። ልጆቹን ዝም አስብዬ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ጥሩ ነው፣ ማመን የለባቸውም።

ሁለት ሙከራ አደረግን። አንደኛ፣ አመድ በጥብጠን አጥልለን የጠራውን ብቻ ሰማያዊው ውሃ ላይ አፈሰስን። ከሰል የሚባል የለም። መዳቡ ረጋ። ሁለተኛ፣ ያንኑ ከሰል ፒኤቹ 7 እስኪሆን አጥበን መለስነው። ከ100 ላይ የቀነሰው ጥቂት ነው። እንዲያውም በ100 እና በ50 መካከል ለ100 የቀረበ ነው።

ከሰሉን ያመጣው ልጅ ከፋው። ጎኑ ተቀምጬ አዋራሁት። ይህን ባያመጣ ኖሮ ምንም ባልተማርን ነበር። ነገሩ እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ባይታይ፣ አንድ ሰው አመድ የቀላቀለ ማጣሪያ ሠርቶ «ብረቱ ጠፋ» ሊል ይችል ነበር። ትንሽ ሎሚ ጠብ ሲልበት የረጋው ሁሉ ተመልሶ ይሟሟል። ይህንንም አሳየኋቸው። ሎሚ ጨመርኩ፣ ሰማያዊው ተመለሰ። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ አየ።

ከዛሬ ጀምሮ ደንብ ወጣ፦ ቀለም ሳናይ በፊት ፒኤች። በቃ።

ታኅሣሥ 17

እምቦጭን እንሞክር የሚል ሐሳብ መጣ። አረሙ ጣና ላይ በይፋ የተመዘገበው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ነው። ሥሩ ብረት በደንብ ይይዛል። ለዚያ ነው ያልወደድኩት። ከሐይቁ የወጣ ሥር ምን ይዞ እንደመጣ አላውቅም። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከቦታ ቦታ ማመላለሱ ያስፈራኛል። አለፍነው።

ታኅሣሥ 22

ቆረቆንዳውን ወንበር ልናበዛለት ነው። ሎሚን የሚያኮመጥጠውን ሲትሪክ አሲድ ከዳቦና ኬክ ዕቃ መሸጫ ገዛን። በውሃ አሟሙተን ቆረቆንዳውን ነከርንበት፣ በፀሐይ አደረቅነው። ከዚያ 120 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት ማሞቅ ያስፈልጋል። በዚህ ሙቀት ሲትሪክ አሲዱ ከሴሉሎሱ ጋር ይጣበቅና አዲስ ወንበሮች ይዘው የሚጠብቁ እጆቹን ወደ ውጭ ይዘረጋል።

የእኛ ኦቨን አይሠራም። ሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የጠዋቱን ዳቦ አውጥቶ ምድጃው እየበረደ ነበር። «ቆረቆንዳ መጋገር ጀመርክ መምህር?» አለኝ። ብረት ያልነካ፣ ሎሚ ብቻ የነካ መሆኑን አስረዳሁት። ካስረዳሁት በኋላ ነው ያስገባሁት፣ ሰው እንጀራ የሚበላበት ቦታ ላይ ሳልናገር ምንም አላስገባም። ቴርሞሜትሬን ይዤ በሩን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ሽታው የተቆላ ገብስ ይመስላል። ቆረቆንዳው ወርቃማ ሆኖ ወጣ።

በብዙ ውሃ አጠብነው። ይህን መዝለል አይቻልም። ያልተጣበቀ ሲትሪክ አሲድ ከቀረ መዳቡን ውሃው ውስጥ አቅፎ ያስቀረዋል፣ የደከምንበት ሁሉ መና ይሆናል።

በ4 ግራም ፈንታ 1 ግራም ብቻ ጨመርን። ፒኤች 5። የቀረው ከ12.5 ቱቦ ጋር እኩል ሆነ። ይህ ማለት አንድ ግራም 17 ሚሊግራም ያህል ያዘ። ያልታከመው ቆረቆንዳ 2.5 ነበር። አራት ጊዜ ደገምነው። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 26

ጠርሙስ ማወዛወዝ ይበቃል። ማጣሪያ እንሥራ አልን። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠን ገለበጥነው። ክዳኑን በምስማር በሳን። ከሥር ጥጥ፣ ከዚያ የታጠበ አሸዋ፣ ከዚያ ቆረቆንዳ።

የመጀመሪያው ከሸፈ። ደረቁን ነበር የጠቀጠቅነው። ውሃ ሲነካው አበጠ፣ ተጨናነቀ፣ መንጠብ አቆመ። ሁለተኛውም አልሆነም። ውሃው በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል መንገድ አግኝቶ ቆረቆንዳውን ሳይነካ ሾልኮ ወረደ። ከሥር ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ አየነው።

ሦስተኛው ተሳካ። ቆረቆንዳውን ሌሊቱን ነክረን አሳደርነው። ካበጠ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ሞልተን፣ ቆረቆንዳውን ቀስ እያልን አሰመጥነው። አየር አልገባም። በደቂቃ 20 ጠብታ ያህል አደረግነው። ከላይ ሰማያዊ፣ ከሥር የጠራ። ቆረቆንዳው ከላይ ጀምሮ አረንጓዴ መሰለ፣ አረንጓዴውም ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ልጆቹ በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ ምልክት ሲያደርጉ አመሹ። ምልክቱ ሥር ሲደርስ ማጣሪያው ጠግቧል ማለት ነው።

ጥር 2

የገና ዕረፍት አለፈ። አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ነበር የተለያየነው። አሁን መዳቡ የት ነው?

ጠፋ የሚባል ነገር የለም። ቆረቆንዳው ላይ ነው። ብንጥለው ዝናብ መልሶ ይወስደዋል። ለከብት ቢሰጥ መርዝ ነው። ብናቃጥለው አመዱ ውስጥ ይቀራል። ልጆቹ ይህን በደንብ እንዲያዩት ፈለግኩ።

በጠገበው ማጣሪያ ላይ የተበረዘ አሲድ አፈሰስን። ሃይድሮጅን ተሳፈረ፣ መዳብ ወረደ። ከሥር የወጣው ሰማያዊ መጀመሪያ ከነበረን ውሃ በጣም ይደምቃል። ሊትሮች ውስጥ ተበትኖ የነበረው አንድ ብርጭቆ ውስጥ ተሰበሰበ። አንዷ ተማሪ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረ ምስማር አውጥታ ከተተችበት። ጥቂት ቆይታ ስታወጣው የነከረችው ግማሽ ቀይ ሆኗል። መዳብ ነው። በጣቷ ስታሸው አንጸባረቀ።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ከውሃው የወጣው ነው!»

ምስማሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከሰል ያመጣው ልጅ ረጅም ጊዜ ይዞት ቆየ።

ጥር 6

ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት። ውሃ ከጥሩ ነገር ከሥሩ ይባላል፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። ጣቷን ስትጠባ ያየሁትንም። የባትሪ ውሃውን ለምን እንደወሰድኩም።

ዝም አለ። ከዚያ «መምህር፣ ለምን እስከዛሬ ዝም አልከኝ?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኩት።

አብረን እጣቢውን አየን። የፒኤች ወረቀቱ ደም መሰለ፣ 1። በዚህ ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ የእኔ ቆረቆንዳ ምንም አያደርግም። ወንበሩ ሁሉ በሃይድሮጅን ተይዟል። ሁለተኛ ደግሞ፣ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር የተገናኘ እርሳስ አብዛኛው አይሟሟም። ግራጫ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ትልቁ አደጋ ያ አተላ ነው፣ ደርቆ የሚቦነው አቧራም ጭምር። ከአንድ ወር በላይ ስለ ውሃው ሳስብ፣ ልጅቷ የምታቦካው ግን አተላውን ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተቀየረ። መጀመሪያ አተላው። ከቦዩ ዳር ያለውን ጭቃ በጓንትና በማስክ ሆነን፣ አቧራ እንዳይነሳ አርሰን ዛቅነው። ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ገባ። ከዚያ ኖራ። እጣቢውን በፕላስቲክ በርሜል አጠራቅሞ፣ ፒኤቹ 9 እስኪደርስ ኖራ ቀስ እያለ ይጨምራል። ኖራ በዛ ማለት ጥሩ ማለት አይደለም። ከልክ ካለፈ እርሳሱ እንደገና ይሟሟል። አሳድሮ ከላይ የጠራውን ይቀዳል። ቆረቆንዳው የሚገባው ያኔ ነው፣ ፒኤቹ ወደ 6 ከወረደ በኋላ፣ የቀረችውን ለመልቀም። እሱም ቢሆን ከኖራው የመጣው ካልሲየም ወንበር ይሻማዋል። እርሳስ ከካልሲየም ይልቅ ጠበቅ ብሎ ስለሚይዝ ተስፋ አለኝ።

ጥር 14

ጥምቀት አለፈ። ዛሬ የመጀመሪያው በርሜል ጠራ። ማጣሪያውን በጎረቤቴ ግቢ ተከልነው። ይህ ውሃ ለመጠጥ አይደለም፣ ለአትክልትም አይደለም። መልሶ ባትሪ ሊያጥብበት ነው።

እርሳስን በአሞኒያና በዓይን መለካት አይቻልም። በሦስት ጠርሙስ ናሙና ወስጄ ቁጥር ሰጠኋቸው። 1 ጥሬው እጣቢ፣ 2 ከኖራው በኋላ፣ 3 ከቆረቆንዳው በኋላ። በመሣሪያ የሚለካልኝ ወዳጄ ሰኞ ይወስዳቸዋል። ቁጥሩ መጥፎም ቢሆን እዚሁ እጽፈዋለሁ።

የጠገበው ቆረቆንዳ የሚገባበት ባልዲ ላይ ጎረቤቴ ራሱ በቀይ ቀለም «እርሳስ፣ አይነካ» ብሎ ጻፈ። ልጅቷን ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት ሊሄድ ነው፣ ደሟ ይታይልን ሊል። ቦዩ ዳር፣ ጭቃው የነበረበት ቦታ ላይ፣ ከግንባታ የተረፈ ጠጠር ደፍቶበታል። እሷ ዛሬ ከእኛ ግቢ ነበረች። ከልጆቼ ጋር፣ ዘጌ ካመጣነው ገለፈት ንጹሑን ወስዳ በጣሳ እየሰፈረች ቡና ትሸጣለች።